ከመስቀል በፊት ያለው ረቡዕ

መጀመሪያ ያመማት ክንዷ መስሎን ነበር።

እህቴ ታደለች በሶዶ ገበያ አጠገብ፣ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የስልጤ ሰው የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። መኪናዋ በእግር የምትረገጥ ናት፤ ግን ስፌቱ ሲጀመር በቀኝ እጅ መዘውሯን አንዴ ማዞር ያስፈልጋል። ሰኔ ላይ፣ መዘውሯን ካዞረች በኋላ እጇን ወደ ብብቷ መውሰድ ጀመረች። እኔ ያኔ የአሥረኛ ክፍልን ፈተና ወስጄ ውጤት እጠብቅ ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ ሶዶ የምኖረው ከእሷ ጋር ነበር። ያስተማረችኝም እሷ ናት። እናታችን ገጠር፣ ጉኑኖ ያለው እርሻችን ላይ ነበረች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«መኪናዋ አርጅታ እጄን እያደከመችኝ ነው» አለች።

ጋሽ ሸምሱ ከውስጥ ሰምተው፣ «እሷ መኪና ካንቺ በፊት ሦስት ሰፊ ጡረታ አውጥታለች። ስሟን አታጥፊ» አሏት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ሕመሙ ከጡቷ መሆኑን የነገረችኝ ሦስት ሳምንት ቆይታ ነው። ለወንድም በቀላሉ የሚነገር ነገር አይደለም። መጀመሪያ ያሳየችው ለእናታችን ነበር። እናታችን ዳሰሰችና፣ «ይህ የሥራ ድካም አይደለም፤ ነገውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ» ብላ መለሰቻት። ከዚህ በታች ለሚመጣው ነገር እናቴን ማንም እንዳይወቅስ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። እሷ ትክክለኛውን ነገር በጊዜው ተናግራለች።

ሆስፒታል አብሬያት ገባሁ። የቀዶ ሕክምና ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። ከመረመራት በኋላ እንዲህ አላት፦ «እብጠቱ ትንሽ ነው። ስነካው ይንሸራተታል፤ ከደረትሽ ጡንቻ ጋር አልተጣበቀም። ይህ ጥሩ ነው። ግን በመርፌ ናሙና ወስደን ማየት አለብን።»

የናሙናው ውጤት ሐምሌ መጨረሻ ላይ መጣ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። እንዳነብላት ሰጠችኝ። ካርሲኖማ ይላል። በትምህርት ቤት ያላየሁት ቃል ነው። ግን ከዶክተሩ ፊት ገባኝ።

«ካንሰር ነው ማለት ነው?» አለችው።

«ነው። ግን አሁን ቢወጣ ጥሩ ዕድል አለሽ። ማስቴክቶሚ ይባላል። ጡቱ በሙሉ፣ ከብብት ዕጢዎች ጋር ይወጣል።»

እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከዚያ በኋላ መስፋት እችላለሁ?»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «የእኔም ሥራ ስፌት ነው። አንቺ ከእኔ ይበልጥ ቀጥ አድርገሽ ሳትሰፊ አትቀሪም።»

ቀጠሮው ለነሐሴ አጋማሽ ተያዘ። የቀጠሮውን ወረቀት የያዝኩት እኔ ነኝ።

ወረርሽኙ የመጣው በመሐል ነው። ከቆላው ጀመረ። ከሁምቦና ከዲምቱ በኩል ሰው በጋሪና በቃሬዛ ይመጣ ጀመር። በሬዲዮ አተት ይሉታል፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው። የሆስፒታሉ ዘበኛ ግን በድሮ ስሙ ኮሌራ ይለው ነበር። በየቀበሌው የአንድ ለአምስት ስብሰባ ሁሉ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ውሃ ማፍላት ሆነ። እኔ ነገሩ እኛን የሚመለከተን አልመሰለኝም። ውሃ እናፈላ ነበር። እጃችንን እንታጠብ ነበር። ወረርሽኝ የያዘውን ሰው ብቻ የሚጎዳ ይመስለኝ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ልብሷን በዘንቢል ይዘን ሄድን። ዘበኛው በሩ ላይ ጫማችንን ክሎሪን ረጨልን። የቀዶ ሕክምና ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል በር ተከፍቷል። አልጋዎቹ መሐላቸው ተቀድዶ ከሥራቸው ባልዲ ተቀምጧል። የሚያቃስት ሰው አልነበረም። ለማቃሰት እንኳ አቅም የላቸውም። ዶክተሩ የጎማ ቦት ተጫምቶ ወደ እኛ መጣ።

«ታደለች፣ ዛሬ አልችልም» አላት። «ክፍሉን ለአተት ሰጥተናል። ነርሶቼ በሙሉ ድንኳን ውስጥ ናቸው። ያለን ግሉኮስ ሁሉ እዚያ አለቀ። አሁን የምሠራው ድንገተኛ ብቻ ነው።»

«የእኔ ድንገተኛ አይደለም?»

«ዛሬ ወይም ነገ የሚገድል ነው ድንገተኛ የሚባለው። ያንቺ እንደዚያ አይደለም። ግን ብዙ መቆየት የለበትም። ትንሽ ሲቀልልን ከመጀመሪያዎቹ አስገባሻለሁ። በየሰኞው በካርድ ክፍሉ መስኮት እየመጣችሁ ጠይቁ።»

በየሰኞው የምሄደው እኔ ሆንኩ። እሷ ሥራ በዝቶባት ነበር፤ መስቀል እየደረሰ ነው። ወላይታ ውስጥ ለመስቀል አዲስ ልብስ የማይለብስ ልጅ የለም። ጊፋታ ብለን የምንጠራው የዘመን መለወጫችንም አብሮ ነው። ከአዲስ አበባም፣ ከአርባ ምንጭም፣ ወንጂ ሸንኮራ ከሄደውም ሳይቀር ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚገባበት ጊዜ ነው። በረንዳው ላይ የተቆረጠ ጨርቅ በየስሙ ታስሮ ተከምሯል። ታደለች በግራ ክንዷ እየተደገፈች ትሰፋለች።

ሦስት ሰኞ ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ «ገና ነው» ተባልኩ።

አሁን የምጽፈው ስለ አራተኛው ሰኞ ነው። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እንደሆነው ልጻፈው።

መስከረም ጠብቷል። ዝናቡ ቀንሷል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሲስተር ወረቀቱን ተቀብላኝ፣ «ዕድለኛ ናችሁ» አለችኝ። «አንድ የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ለሁለት ሳምንት ተከፍቷል። ከዚያ በኋላ ያለውን አናውቅም። ዶክተሩ እህትህን ረቡዕ ብሏታል።» ቀኑን ወረቀቱ ላይ ጻፈችው።

በልቤ ቆጠርኩ። ከመስቀል በፊት ያለው ረቡዕ ነው።

«ከመስቀል በኋላ አይሆንም?» አልኳት።

«ሰኞ ባዶ ቦታ አለ። ግን እኔ ብሆን ረቡዕን አልለቅም። እህትህን ጠይቀሃታል?»

ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። አንድ ሰውዬ በትከሻዬ በኩል እጁን ወደ መስኮቱ አስገብቷል።

«አዎ፣ ጠይቄያታለሁ» አልኩ።

አልጠየቅኳትም።

ሲስተር ረቡዕን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከሥሩ ሰኞን ጻፈች።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ያኔ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ወረርሽኙ ነው። ገና ድንኳኖቹ አልተነሡም፣ እዚያ ተኝታ አተት ቢይዛትስ አልኩ። ሁለተኛው እናታችን ናት። አባታችን በሞተበት ዓመት ቤታችን ለመስቀል ጨልሞ ነበር የዋለው። ከዚያ በኋላ እናታችን፣ «ዳግመኛ እንደዚያ ያለ መስቀል አያሳየኝ» ትል ነበር። በእኛ ዘንድ በጊፋታ ሰው ታሞ ተኝቶ መገኘት ከባድ ነው። የተጣላ እንኳ ታርቆ የሚገባበት በዓል ነው። ሦስተኛው ምክንያት የራሴ ነው። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። እሷ ከተኛች እኔም መስቀልን ሆስፒታል ልውል ነው። ጓደኞቼ ሁሉ ሊመጡ ነው። ሱሪዬን ሰፍታልኝ ጨርሳ ነበር።

ሦስተኛውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ጻፍኩት።

በረንዳው ላይ ስደርስ «ምን አሉህ፣ ኢሻ?» አለችኝ። ኢሻ በወላይትኛ ወንድም ማለት ነው፤ ደስ ሲላት እንዲህ ትጠራኝ ነበር።

«ከመስቀል በኋላ ሰኞ ነው ያሉት» አልኳት።

«ተመስገን፤ ልብሶቹን እጨርሳለሁ» አለች።

ጋሽ ሸምሱ ክር እየጠቀለሉ፣ «ሐኪሞቹ ወላይታ መሆን አለባቸው። መስቀልን ያውቃሉ» አሉ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ የወደቀ ቁራጭ ጨርቅ የማነሣ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ያ መስቀል ጥሩ መስቀል ነበር። ይህን መካድ አልችልም። ጉኑኖ ቤቱ ሞላ። በሬው በሰፈራችን ማኅበር ታርዶ ተከፋፈልን፤ ጥሬ ሥጋ በዳጣ ተበላ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ እየዞረች ሰው እንዳይጨባበጥና ያልፈላ ውሃ እንዳይጠጣ ለመነች። አንድ የአባታችን ጓደኛ፣ «ልጄ፣ በጊፋታ ካልተጨባበጥን መቼ ልንጨባበጥ ነው?» ብለው እጃቸውን ዘረጉላት። እሷም አፍራ ጨበጠቻቸው። ታደለች እናታችን አጠገብ ተቀምጣ፣ የሰፋችውን ልብስ ለብሰው የሚያልፉትን ልጆች ትቆጥር ነበር።

ሰኞ ሆስፒታል ስንደርስ ድንኳኖቹ በዝተዋል። ከበዓሉ በኋላ ወረርሽኙ አገርሽቷል። ከሩቅ የመጣው ሕዝብ፣ አንድ ላይ የተበላው፣ አንድ ላይ የተጠጣው። ጠረጴዛው ተዘግቷል።

ሲስተር በመስኮቱ ታደለችን አየቻት። ክፉ ሰው አይደለችም። ደክሟት ነበር።

«ረቡዕ ብትመጪ ኖሮ ወጥቶልሽ ነበር» አለቻት። «ወንድምሽ ከመስቀል በኋላ ይሁን አለ። ጠይቄያታለሁ ብሎኝ ነው።»

ታደለች ወደ እኔ ዞረች። አየችኝ። ዘንቢሉን ከእጄ ወሰደች። በታመመው እጇ ያዘችው። እስከ ገበያው ድረስ ተሸክማው ሄደች። እኔ ከኋላዋ ሄድኩ።

ጥቅምት አለፈ። ኅዳር አለፈ። የጡቷ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነጠብጣብ አወጣ። ብብቷ ውስጥ ሌላ እብጠት ተሰማት። ክንዷ አበጠ። በየሰኞው ሄድኩ። ገና ነው። ገና ነው። ወደ ሐዋሳ እንሂድ አልን፤ እዚያም ተራ ነበር።

በታኅሣሥ ተጠራች። ገባች። ውጭ ተቀመጥኩ። ዶክተሩ ወጣ። ቆቡን አወለቀ።

«አወጣሁት» አለኝ። «ግን ከሥር ተጣብቆ ነበር። የብብት ዕጢዎቹም ብዙዎቹ ተነክተዋል።»

«መስከረም ላይ ቢሆን ኖሮስ?»

«ያንን ማንም አያውቅም። እኔም አላውቅም። ይህን ጥያቄ ይዘህ አትኑር።»

ይዤው ነው የምኖረው።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያሉት ወራት ግን የተስፋ ወራት ነበሩ፤ ስለ እነሱም በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ይህን የሚያነብ ሕመምተኛ ካለ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሰው እንደገና ሰው እንደሚሆን ማወቅ አለበት። ከጎኗ ፈሳሽ የሚያወጣው ድሬን የሚባለው ቱቦ በሁለተኛው ሳምንት ተነቀለ። ፋሻው ሲፈታ መስታወት አስመጣችና ጠባሳውን ረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ ለዶክተሩ፣ «ዳር ላይ ትንሽ ተሰብስቦብሃል፣ መሐሉ ግን ደኅና ነው» አለችው፤ እሱም ከት ብሎ ሳቀና «ለሚቀጥለው አንቺን አማክራለሁ» አላት። ነርሷ ክንዷ እንዳይደርቅ ግድግዳ ፊት ቆማ ጣቶቿን እንደሚራመድ ነገር ወደ ላይ እንድታወጣ ስላሳየቻት፣ ቤት ውስጥ በየጠዋቱ እየቆመች የደረሰችበትን ቦታ በልብስ ጠመኔ ምልክት ታደርግበት ነበር፤ የመጀመሪያው ምልክት ከወገቧ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ በጥር መጨረሻ ትከሻዋን አለፈ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እኔ ጫፉ ላይ ለመድረስ በእግሬ ጣት መቆም አስፈለገኝ።

ለኬሞቴራፒ አዲስ አበባ እየተመላለሰች አራት ዙር ወሰደች። ጸጉሯ ሲረግፍ ጋሽ ሸምሱ ከሱቃቸው በጣም ያማረውን ሻሽ መርጠው፣ «ይህን ጨርቅ ማንም አልገዛ ስላለኝ ነው» ብለው ሰጧት፤ ውሸታቸውን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ታሞክሲፌን የሚባለውን ክኒን በየቀኑ ትወስድ ነበር። በረንዳው ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ መዘውሯን መጀመሪያ በግራ፣ ኋላም በቀኝ እጇ አዞረችው፤ መኪናዋ ስትጀምር ከመንገዱ ማዶ ያሉ የቅመማ ቅመም ነጋዴዎች ሳይቀሩ ቀና ብለው አዩ። በእነዚያ ወራት ሁሉ ስለ ረቡዕ አላነሣችብኝም። እኔም አላነሣሁም። ዳነች፣ ተረሳ ብዬ ነበር።

በቀጣዩ ሰኔ ማሳል ጀመረች።

ራጅ ተነሣች። ሳምባዋ ሥር ውሃ አለ። ዶክተሩ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ ብዙ ቆየ። «ተመልሷል» አለ። ሌላ ቃል አልፈለገም። እኛም አልፈለግንም።

ውሃውን በመርፌ ቀዱላት። ሞላ። እንደገና ቀዱላት። ነሐሴ ላይ ጉኑኖ ወሰድናት።

ሁለተኛው መስቀል ደረሰ። እናታችን ቤቱን ስትለቀልቅ ታደለች ከእንሰቱ ሥር በትራስ ተደግፋ ትመለከታለች። ሰፈሩ ለእኛ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትንፋሿ አጭር ስለነበር በቁራጭ በቁራጭ ነው የምትናገረው።

«ኢሻ፣ የዚያን ረቡዕ ነገር» አለች።

ደነገጥኩ። «ይቅር በይኝ» አልኳት። ሌላ ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም።

«ብትጠይቀኝ፣ እኔም ከመስቀል በኋላ እል ነበር» አለች። «ልብሶቹ ነበሩ። እናታችን ነበረች።»

ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ግን አልጠየቅከኝም።»

እጄን ያዘች። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አልተናገርንም። በጥቅምት አረፈች።

ከመስቀል በኋላ እል ነበር ያለችው እውነቷን ይሁን ወይም ለእኔ ብላ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ልብሶቹን ትታ የማትሄድ ሰው መሆኗን አስባለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ለዶክተሩ «የእኔ ድንገተኛ አይደለም?» ያለችበት ድምፅ ይመጣብኛል። ያ ድምፅ መቆየት የፈለገ ሰው ድምፅ አይደለም።

ለዶክተሩ ምስጋና አለኝ። ቦቱን ሳያወልቅ የሁለቱንም ወገን ሕመምተኛ ለማትረፍ ሞክሯል። ሲስተርንም አመሰግናለሁ፤ ጠይቀሃታል ወይ ያለችኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ጋሽ ሸምሱ እስከ ዛሬ የበረንዳውን ቦታ ለሌላ ሰፊ አልሰጡም። በእህቴ አልጋ ላይ የተኙትን የአተት ሕሙማንም አልወቅስም። ከዲምቱ በጋሪ የመጣ አንድ ሰው በዚያ በተቀደደ አልጋ ላይ ድኖ በእግሩ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱም የሰው ወንድም ነው።

ይህን ሕመም ይዛችሁ ወይም አስታማሚ ሆናችሁ ለምታነቡ፣ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ወረርሽኝ የማይነካው ሕመምተኛ የለም፤ በወረርሽኙ ያልተያዘውም ተራውን ያጣል። ስለዚህ ሆስፒታሉ ቀጠሮ ሲሰርዝባችሁ ከየትኛው ሳምንት በላይ መቆየት እንደሌለበት ዶክተሩን በግልጽ ጠይቁና አስጽፉ። ሌላ የሚሠራ ቦታ ካለ የዚያኑ ቀን ሪፈር ይጻፍልን በሉ፤ እኛ ሐዋሳን ያሰብነው በጣም ዘግይተን ነው። ወረርሽኝ ቀነሰ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። የተከፈተ በር ካገኛችሁ ግቡ። በዓል በየዓመቱ ይመለሳል።

አስታማሚ ደግሞ መስኮት ላይ ሲቆም የራሱን አፍ ይጠንቀቅ። ሰልፉ ከኋላ ቢገፋም፣ «ጠይቄያት ልምጣ» ማለት ይቻላል። ከሆስፒታሉ እስከ በረንዳው በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ያንን መንገድ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

የቀጠሮው ወረቀት አሁንም እኔ ጋ ነው። ሲስተር ረቡዕን የሰረዘችው በአንድ ቀጭን መስመር ስለሆነ፣ የተሰረዘው ቀን እስከ ዛሬ በደንብ ይነበባል።